ድሬ ላይ ጎርፍ ሲመጣ፦ ለእንግዳ የተጻፈ መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ከተማው ውስጥ ጠብታ ላይወርድ ይችላል። ኮከቡ ይታያል፣ ሙቀቱ እንደ ወትሮው አልለቅ ብሏል፣ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያወጋል። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ግን ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ይደርሳል። ዝናቡ የዘነበው ደቡብ ላይ፣ ደንገጎ ተራራና ከጀርባው ባለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ደጋው ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በመካከል ያለው ቁልቁለት አጭር ነው፣ ተራራውም ዛፉ አልቆ ራቁቱን ስለቀረ ውሃው ወደ አፈር ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። ተንደርድሮ ይወርዳል።

የድሬ ልጅ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ እንግዳ ግን አያውቅም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ለዓመታት ስሠራ ሰዎች ስለ ውሃ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሻወሩ ይሠራል?» ስለዚህ ማንም ያልጠየቀኝን ልንገርህ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድምና አንተ እያልኩ ነው የምቀጥለው፤ አንቺም እንዳትቀየሚኝ።

1. የምትመጣበትን ቀን አስብበት

ዋናው የዝናብ ወቅት ሐምሌና ነሐሴ ነው። በልጉ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመጣል፤ እሱንም አትናቀው። ብዙ ሕይወት የቀጠፈው የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው ሐምሌ 30 ሊነጋ ሲል፣ እኩለ ሌሊት አልፎ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ የብዙዎች አስከሬን እንኳ ሳይገኝ ቀረ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጥተው ድንኳን ውስጥ ገቡ። የሚገርመው፣ በዚያው ክረምት ሐረር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራ የደስታው ወሬ ገና አልበረደም ነበር። በሚያዝያ 2012 ደግሞ በበልግ ዝናብ የመጣ ጎርፍ ሰው ገድሏል። «ክረምቱ መቼ ገባና» ብሎ መዘናጋት እንግዲህ አያዋጣም።

ለቁልቢ ገብርኤል የምትመጣ ከሆነ ቀኑን በደንብ አስላ። የታኅሣሥ 19ኙ ንግሥ በደረቁ ወራት ነው፤ ብርዱን ብቻ ቻል። የሐምሌ 19ኙ ግን ዝናቡ በሚበረታበት ሰሞን ይውላል። ቁልቢ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ አልጋ ስለሌላት ብዙው ተሳላሚ ድሬ አድሮ በደንገጎ ዳገት ይወጣል፣ በዚያው ይወርዳል። የመመለሻ በረራህን ለንግሡ ማግስት ጠዋት አትቁረጥ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ትርፍ ያዝ። ስለቱን አድርሶ ከሞላው ወንዝ ማዶ ቆሞ የአውሮፕላኑን ድምፅ የሰማ እንግዳ አጋጥሞኛል።

የአየር ትንበያ ስትከታተል «ድሬዳዋ» የሚለውን ብቻ አትይ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ምሥራቅ ሐረርጌ ደጋማ አካባቢዎች የሚለውን አድምጥ። ድሬን የሚያሰጋት እዚያ የሚዘንበው ነው።

2. አልጋ ስትይዝ አራት ነገር ጠይቅ

ከደቻቱ ምን ያህል ይርቃል? ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ጄኔሬተር አለው? መኪና የሚቆመው የት ነው? ጥያቄው ይኸው ነው። ስትጠይቅ የሚስቁብህ ይኖራሉ፤ ይሳቁ።

በተለይ ፎቁን ልብ በል። ድሬ ሞቃት ስለሆነች ምድር ቤት ያለ ክፍል ቀዝቀዝ ይላል፤ ላይኛው ፎቅ ከጣሪያው በታች እንደ ምጣድ ይግላል። እንግዳም «ታች ስጠኝ» ይላል፣ እኔም ስንቱን ታች አስተኝቻለሁ። በደረቁ ወራት ምንም አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ግን ወንዝ አጠገብ ያለ ፔንሲዮን ውስጥ ምድር ቤት አትተኛ። ላብ በላብ ሆነህ እደር፣ ቬንቲሌተር አስመጣ፣ ግን ላይ ተኛ። ከ1998 በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የድጋፍ ግንብ ተሠርቷል፤ ጠቅሟልም። ግንቡን አይተህ ግን ወንዙ ታስሯል ብለህ አትደምድም።

ደቻቱ ብቻ እንዳይመስልህ። ጎሮና ቡቱጂ የሚባሉ ወንዞችም አሉ። ከሆቴሉ አጥር ሥር የሚያልፍ «ደረቅ ቦይ» ካየህ ለምን እንደተቆፈረ ጠይቅ።

3. በመጀመሪያው ቀን በብርሃን ተዘዋወር

ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በምዕራብ በኩል ከዚራ አለ፦ የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ የዛፍ ጥላ ያለባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች። በምሥራቅ መጋላ፦ ቀፊራ ገበያ፣ ጠባብ ሰፈሮች፣ የሚጣፍጠው ምግብ። አውሮፕላን ማረፊያው በከዚራ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ አዲሱ የባቡር ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ይገኛል። ይህ ማለት ከዚራ ያደረ እንግዳ ለመብረር ደቻቱን መሻገር አያስፈልገውም። መጋላ ያደረ ግን የግድ ይሻገራል። የጉዞህ ዋዜማ ላይ ሰማዩ በደቡብ ከጠቆረ፣ አልጋህን ቀይረህ ከዚራ እደር። የአንድ ሌሊት ኪራይ ከአውሮፕላን ቲኬት ይረክሳል።

በየዕለቱ ማታ ማታ አራት ነገሮች አንተ ካለህበት ዳር መሆናቸውን አረጋግጥ፦ መድኃኒትህ፣ መታወቂያህ ወይም ፓስፖርትህ፣ ገንዘብህ፣ ልጆችህ። ልጆችን መጋላ ዘመድ ቤት ትቶ ከዚራ የሚያመሽ ወላጅ ጎርፍ በመጣ ሌሊት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ወንዙ ሞልቶ ማዶ ለማዶ ስልክ ብቻ ይቀራል።

ቀን ላይ ደቻቱን ስታየው አሸዋ ብቻ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ሰው ዕቃ ዘርግቶ ይሸጥበታል። «ይሄ ነው እንዴ ወንዙ?» እያሉ ፎቶ የሚነሱበት እንግዶች ብዙ ናቸው። የሚያታልለውም ይኸው ድርቀቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ቢሆን ኖሮ ሰው ያከብረው ነበር።

4. ሰማዩን ትተህ ተራራውን ተመልከት

ካሪቢያን ደሴቶች ላይ ሃሪኬን ሲነሣ ሳተላይት ከቀናት በፊት ያየዋል። ስም ይወጣለታል፣ መንገዱ በካርታ ይሰመራል፣ ሆቴሎች እንግዳቸውን ከባሕር ዳርቻ አንሥተው ወደ መጠለያ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ዊልማ የተባለው ኮዙሜል የምትባለውን የሜክሲኮ ደሴትና በአቅራቢያዋ ያለችውን ካንኩንን ከአንድ ቀን በላይ ሲደበድባቸው፣ ከጥፋቱ ስፋት አንጻር የሞተው ሰው ጥቂት የነበረው ቀድሞ ስለታወቀ ነው። የደቻቱ ጎርፍ ስም የለውም፤ ማስጠንቀቂያውም በሰዓት እንጂ በቀን አይቆጠርም። ስለዚህ ሳተላይቱ አንተ ነህ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ዞር ብለህ ደንገጎን እይ። ተራራው ከጠፋብህ፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች ጥቁር መጋረጃ የወረደበት ከመሰለ፣ እዚያ እየዘነበ ነው። ሌሊት ከሆነ መብረቁን ተመልከት፤ ድምፁ ሳይሰማ በደቡብ በኩል ደጋግሞ ብልጭ ካለ ሩቅ ነው ብለህ አትተኛ። ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ መጥቶ የእርጥብ አፈር ሽታ ካመጣ ልብ በል። ወንዙ ውስጥ ቀጭን ውሃ ካለና በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ከኋላው የሚከተለው ትልቅ ነው። በመጨረሻ የሚመጣው ድምፁ ነው። የጫነ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያጓራው ያለ ጉርምርምታ፣ ግን የማይቋረጥ። እሱን ስትሰማ ለማየት ወደ ወንዙ አትሂድ።

እዚህ ላይ በርጫን፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት መቃሙን፣ ሳላነሣ አላልፍም። እንግዳ ከምሳ በኋላ መጋላ ቁጭ ብሎ ይቅማል። ደጋው ላይ ዝናቡ የሚዘንበው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰዓት ነው። ወደ ማታ ሲነሣ ምርቃና ላይ ነው፤ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ጎርፍ ይቅርና አንበሳም አያስፈራው። ሞያሌ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ የሚል ሰው ደቻቱን ምን ይሆናል ብሎ ይፈራዋል? ስለዚህ ሳትቀመጥ በፊት ወስን፦ ደንገጎ ከጠቆረ በርጫው በምታድርበት ዳር ይሁን።

5. ከመጣ አትሻገር

እንግዳን የሚገድለው ሆቴሉ ሳይሆን መሻገሩ ነው። ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው።

ቁጥሩን እወቅ። 15 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ፈጣን ውሃ የቆመን አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ማንሳፈፍ ይጀምራል። 60 ሴንቲ ሜትር ፒክአፕን ጨምሮ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ከእነዚህ ሁሉ የቀለለ፣ ሦስት እግር ያለው፣ በር እንኳ የሌለው ነገር ነው። በተጨማሪም የደቻቱ ውሃ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ አሸዋና ድንጋይ ነው። ጥልቀቱን በዓይን መለካት አይቻልም፣ ትናንት ጠፍጣፋ የነበረው አሸዋ ዛሬ ከሥር ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሆኗል።

የባጃጅ ሹፌሩ «አይዞህ አቦ፣ ስንቴ አልፌበታለሁ!» ይልሃል። እውነቱን ነው፣ አልፎበታል። ያላለፉት ግን መጥተው አይነግሩህም። «አቁም፣ ወራጅ አለ» በል፣ ሒሳቡን ሙሉ ክፈለው፣ ውረድ። ሙሉ ክፈለው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚሻገረው ክፍያው እንዳይቀርበት ነው። «እዚሁ እንጠብቅ፣ የቆምክበትን እከፍላለሁ» ካልከው ሁለታችሁም ትተርፋላችሁ።

ጎርፉ ሲሞላ ሕዝቡ ዳር ላይ ይሰበሰባል። ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አንተም ይምጣብህ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ አታውቅም። ነገር ግን ዳሩ ከሥር እየተበላ ስለሆነ ቆሞ ያለው መሬት በአንድ ጊዜ ይናዳል። ድልድይ ላይ ቆመህም አትቅረጽ፤ የሚመጣው ግንድ ምሰሶውን ሲመታ አይታወቅም። ፎቅ ካለህ ከፎቅህ ቅረጽ።

ጎርፉ ጋብ ሲልም ወዲያው አትግባ። ሁለተኛ ማዕበል ሊከተል ይችላል፤ ደጋው ላይ ዝናቡ በየሸለቆው በተለያየ ሰዓት ስለሚዘንብ ውሃው አንድ ላይ አይደርስም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች መሻገር ሲጀምሩ ተሻገር። ወጣቶቹን አትከተል።

6. ሌሊት ከሆነ

በክረምት ድሬ ስታድር ጫማህን አልጋህ ሥር አድርግ፣ ስልክህን ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ተኛ፣ መታወቂያህንና ገንዘብህን በፌስታል ጠቅልለህ አንድ ቦርሳ ውስጥ አኑር። ባዶ እግር ጎርፍ ውስጥ መውጣት ከጎርፉ የማያንስ ጉዳት አለው፤ ቆርቆሮው፣ ጠርሙሱ፣ ሚስማሩ ሁሉ አይታይም።

ጩኸት ከሰማህ ወደ ላይ ውጣ፤ ወደ ውጪ አይደለም። ሕንፃው ጠንካራ ከሆነ ከመንገዱ ይልቅ ደረጃው ይሻላል። ዕቃ ለማውጣት ወይም መኪና ለማንሣት ምድር ቤት አትውረድ፣ መኪና ይገዛል። ውሃ ወደ ክፍሉ መግባት ከጀመረና ቆጣሪው ጋ በደረቅ እግር መድረስ ከቻልክ መብራቱን ከዋናው አጥፋ። ውሃ ውስጥ ቆመህ ግን ማጥፊያም ሶኬትም አትንካ።

ያለህበት ቤት ጭቃና እንጨት ከሆነና ወንዝ ዳር ከሆነ ነገሩ ይለያል። ደረጃ የለህም። እዚያ አትቆይ፤ ከወንዙ ጎን ለጎን ሳይሆን ከወንዙ እየራቅክ ወደ ከፍታ ሂድ። ጎረቤትን እየቀሰቀስክ።

7. ውሃው ከያዘህ

መኪና ውስጥ ሆነህ ውሃው ከበበህና ሞተሩ ከጠፋ፣ ሞተሩን ለማስነሣት አትታገል። በሩ ከውሃው ግፊት የተነሣ ላይከፈት ይችላል፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ሳይሞት መስኮቱን አውርድ፣ ቀበቶህን ፍታ፣ ልጆችን አስቀድመህ አውጣ፣ ጣሪያው ላይ ውጣ።

ውሃው አንተን ከወሰደህ በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ እግርህን ወደሚፈስበት አቅጣጫ ዘርጋ፤ ድንጋዩን በጭንቅላትህ ሳይሆን በእግርህ ተቀበል። ለመቆም አትሞክር፣ እግርህ ድንጋይ መሐል ከተያዘ ውሃው አጎንብሶ ይደፋሃል። ፊት ለፊት ወደ ዳር አትታገል፤ ከውሃው ጋር እየሄድክ በሰያፍ ወደ ዳር ተጠጋ። የተከመረ ግንድ ካጋጠመህ ከሥሩ አትለፍ፣ ላዩ ላይ ውጣ። ሌላ ሰው ሲወሰድ ካየህ ዘለህ አትግባ። ገመድ፣ ባዶ ጀሪካን፣ ነጠላ እንኳ ቢሆን ወርውርለት።

8. በማግስቱ

ዊልማ ካንኩን ላይ ያደረሰችውን ሳነብ የገረመኝ እንግዶቹ ክፉኛ የተቸገሩት ነፋሱ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። መብራት የለም፣ የገንዘብ ማሽን አይሠራም፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቷል፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች ለቀናት ተራ ጠበቁ። ድሬ ላይም በትንሹ ያው ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ቴሌብር ውስጥ ያለው ብር ወረቀት ያህል እንኳ አይጠቅምም። ለሦስት ቀን የሚበቃህ ጥሬ ብር፣ በዝርዝር፣ ከቤትህ ጀምረህ ያዝ። ለቤተሰብ መደወል እምቢ ካለህ አጭር መልእክት ላክ፤ ጥሪ በማያልፍበት ጊዜ ጽሑፍ ያልፋል። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል 907 ነው።

ሐረር ያለህ እንደሆነ እዚያው ቆይ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርብ ይመስላል፤ የደንገጎ ጠመዝማዛ ግን ከዝናብ በኋላ ድንጋይ ሊያወርድ ይችላል፣ የጫት መኪኖች ደግሞ ዝናብም ይዝነብ ጎርፍ ይምጣ ፍጥነታቸውን አይቀንሱም። ሐረር አንድ ቀን ተጨማሪ ብታድር አትጎዳም፤ ጅቦቹን እንደገና ታያለህ።

ስለ በሽታ ትንሽ በርታ ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም እንግዳ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚታመመው። የጎርፍ ውሃ ሽንት ቤቱን ሁሉ አጥቦ ነው የሚመጣው። የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ ጠጣ፤ ከሌለ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምር። ሰላጣ ተው። ቁስል ካለህ በሳሙና ታጠብና ጤና ጣቢያ አሳየው።

ከጎርፉ ሳምንታት በኋላ ትንኝ ይፈላል። ድሬ በ2006 መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ አይታለች፤ በሁለተኛው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። ሁለቱን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትነክሰው፣ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ ቀን ላይም እጅጌ ያለው ልብስ ልበስ። ወባም አለ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰህ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዘህ ሐኪሙ ሳይጠይቅህ «ድሬዳዋ ነበርኩ» በል። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አትውሰድ፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል።

9. ልርዳ ካልክ

ጎርፉ እንግዳ ከሚጎዳው ይልቅ አገሬውን ነው የሚጎዳው። ያንተ ቦርሳ ሲረጥብ የጎረቤቱ ቤት ሄዷል። ለመርዳት የሆቴሉን ሠራተኞች ጠይቅ፤ እድር ወይም አፎቻ (የአካባቢው የመረዳጃ ማኅበር) የሌለው ሰው ድሬ ላይ አታገኝም፣ ማን ምን እንዳጣ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሚፈለገው ጀሪካን፣ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ድስት፣ የልጅ ጫማ ነው። አሮጌ ሱፍ ኮት አትስጥ፤ ድሬ ነው ያለኸው። የሞተበት ሰው ሲያለቅስ አትቅረጽ። ለቅሶ ቤት ገብተህ ቁጭ ማለት ግን ይቻላል፤ እንግዳ ነህ ብሎ የሚያስነሣህ የለም።

አንድ የቀረኝ ነገር የክፍልህ ቁልፍ ነው። እኛ እንግዳ መቀበያ ላይ በጎርፍ ሌሊት መጀመሪያ የምናየው የቁልፍ መስቀያውን ነው። ቁልፉ ከተሰቀለ እንግዳው ውጪ ነው፣ ከሌለ ክፍሉ ውስጥ ነው ብለን እንቆጥራለን፤ በዚያው ልክ ወይ በር እናንኳኳለን ወይ ስልክ እንደውላለን። ቁልፉን ኪስህ ከትተህ መጋላ እራት ከሄድክ ባዶ ክፍል ስናንኳኳ እናድራለን፣ አንተን ግን ማንም አይፈልግህም። ስትወጣ ቁልፉን ስጥ፣ በየትኛው ማዶ እንደምታመሽም ተናገር።